የጠፈር ወንበዴዎች በሴሬስ ጣቢያ ላይ፦ ደምሴ ጥርጣሬውን መቼ ይናገር?

የሌሊት ዘብ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ረጅሙ ልብ ወለዴ ከዚህ በፊት የጻፍኩትን ያነበባችሁ ታስታውሱኝ ይሆናል። አሁን አራተኛው ምዕራፍ ላይ ነኝ፤ እዚህ ላይ የእናንተን ዓይን እፈልጋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ጭልፊት» የምትባል መንኮራኩር አለች፤ ዘጠኝ ሰዎች ይዛለች። ሁሉም የጭነት ሠራተኞች ነበሩ። ቀጣሪያቸው ደመወዛቸውን በልቶ ማርስ ላይ ጥሏቸው ሲሄድ መንኮራኩሯን ይዘው ወንበዴ ሆኑ። ካፒቴኗ ወይንሸት ትባላለች። ሊዘርፉ ያሰቡት በማርስና በጁፒተር መካከል ባለችው ድንክ ፕላኔት በሴሬስ ላይ፣ ኦካቶር በሚባለው ትልቅ ሰርጓዳ ስፍራ ጠርዝ ያለውን የውሃ ጣቢያ ነው። ጣቢያው በረዶ ያቀልጣል፣ ውሃውን ሃይድሮጅንና ኦክስጅን አድርጎ ለአላፊ መንኮራኩሮች ነዳጅ ይሸጣል። አሥራ አንድ ሰው ይኖርበታል። ከዘጠኙ መካከል የነዳጅ ኃላፊው ደምሴ ብቻ ነገሩ አላማረውም።

ረቂቁ ይኸው፦

«ጭልፊት መብራቷን ሁሉ አጥፍታ በጨለማው ውስጥ ተሳበች። ከሦስት ሳምንት ጉዞ በኋላ ሴሬስ በመስኮቱ በኩል ግራጫ ሆና ብቅ አለች።
‹አላዩንም› አለች ወይንሸት።
ደምሴ የነዳጁን መለኪያ ሲያይ ቆየና ዞር አለ። ‹ካፒቴን፣ ይቅርብን። እነዚህ ሰዎች ምን በደሉን?›
ማንም አልመለሰለትም።»

ሁለት ነገር ንገሩኝ። አንደኛ፣ ወረራው ያሳምናል ወይ? ሁለተኛ፣ የልብ ወለዱ ልብ ደምሴ እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ ረቂቁን ያነበቡልኝ ጓደኞቼ ግን «ይሰብካል» ይሉኛል። ምን ላድርገው?

ምህዋር

ሰላም ወንድሜ። ሴሬስን መምረጥህ በጣም ደስ ብሎኛል፤ ሁሉም ሰው ጨረቃና ማርስ ላይ ሲረባረብ እሷን የሚያስታውሳት የለም። ቦታውም ትክክል ነው። «ዶውን» የተባለችው የናሳ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በማርች 2015 ምህዋሯ ውስጥ ገብታ እስከ 2018 ስታጠናት ኖራለች። ኦካቶር 92 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ መሀሉ ላይ ከሩቅ የሚያበራው ነጭ ነገር ጨው ነው፣ በአብዛኛው ሶዲየም ካርቦኔት። በሴሬስ ከርስ ውስጥ ብዙ በረዶ አለ። ዶውን ራሷ ነዳጇ አልቆ ድምፅዋ ቢጠፋም ዛሬም ሴሬስን እየዞረች ነው፤ ወንበዴዎችህ ሲደርሱ ሊያዩዋት ይችላሉ።

መደበቁን ግን ተወው፣ አይሆንም። ሰው የሚኖርበት መንኮራኩር ውስጡ ሃያ ዲግሪ ገደማ መሆን አለበት። ከኋላው ያለው ጠፈር ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ነው። መብራት ብታጠፋም ሙቀቱ በኢንፍራሬድ፣ ዓይን በማያየው የሙቀት ጨረር፣ ያበራል። «ዋይዝ» የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ እኮ በሺዎች የሚቆጠሩ አስትሮይዶችን የለየው በሙቀታቸው ነው፤ እነሱ ደግሞ ከማንኛውም ሰው ከሚኖርበት መንኮራኩር እጅግ የቀዘቀዙ ናቸው። ሞተር ሲነሳማ ወሬው ሌላ ነው፤ ሊያይ የፈለገ ሁሉ ያያል።

ሦስት ሳምንቱም አይሆንም። ዛሬ በምናውቀው የሮኬት ሞተር ነዳጅ በሚቆጥበው መንገድ ከማርስ ሴሬስ 19 ወር ገደማ ይፈጃል። ለዚያ ጉዞ ሁለቱ በትክክለኛው አቀማመጥ የሚገናኙትም ከሦስት ዓመት በላይ እየቆዩ ነው። ስለዚህ ጣቢያው ወንበዴዎቹ መምጣታቸውን የሚያውቀው ከማርስ በተነሡበት ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ አሥራ አንዱም ሰዎች ዓመት ከመንፈቅ በላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

የሁለተኛው ጥያቄህ መልስ ያለው እዚሁ ይመስለኛል። ባሕር ላይ ካፒቴኑ ሐሳቡን ቢቀይር መርከቧን አዙሮ ይመለሳል። እዚህ ግን ሞተሩ ነዶ ፍጥነቱ አንዴ ከተያዘ በኋላ መመለስ ማለት ያንን ፍጥነት መልሶ መግደል፣ ከዚያም በተቃራኒው አቅጣጫ አዲስ ፍጥነት መግዛት ነው። ለዚያ የሚበቃ ነዳጅ አይኖራቸውም። ሴሬስ ላይ ሳያቆሙ ቢያልፉም ምህዋራቸው ዞሮ ወደ ማርስ መንገድ ይመልሳቸዋል፤ ያን ጊዜ ማርስ ግን እዚያ አትገኝም። ደምሴ ሴሬስን በመስኮት እያየ «ይቅርብን» ቢል የሚቀር ነገር የለም። መናገር ካለበት ከሞተሩ በፊት ነው።

ንባብ ወዳዷ

ምህዋር፣ ዕውቀትህን አከብራለሁ፤ ግን አንባቢ ልብ ወለድ የሚከፍተው ኢንፍራሬድ ሊማር አይደለም። እኔ ያቺን በጨለማ የምትሳብ መንኮራኩር ወድጃታለሁ፤ ፍርሃት አላት። ሁሉም ሰው ሁሉንም የሚያይ ከሆነ ፍርሃቱ የት ይቀመጣል?

ምህዋር

ፍርሃቱ ይበዛል እንጂ አይቀንስም፣ እህቴ። ሌባ ቤትሽን ዛሬ ሌሊት ሊሰብር እንደሚችል መጠርጠር አንድ ነገር ነው። የዛሬ ዓመት ከመንፈቅ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት እንደሚደርስ እያወቅሽ፣ የምትሸሺበት ቦታ ሳይኖርሽ መኖር ሌላ ነው። መልእክት ከሴሬስ ምድር ለመድረስ ብቻ ከ13 እስከ 33 ደቂቃ ይፈጃል፤ መልሱም እንዲሁ። ረዳት ግን በደቂቃ አይመጣም፤ ከምድር እስከ ሴሬስ ራሱ ከ15 ወር በላይ ነው፣ ያውም መንገዱ በተመቸበት ወቅት።

ባሕረኛው

ልጆቼ፣ ጠፈሩን አላውቀውም። ባሕሩን ግን በንግድ መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ኖሬበታለሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2011 መካከል፣ ነገሩ በተጋጋመበት ጊዜ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ አልፌያለሁ። ስለዚህ ወንበዴ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ።

እኛን ያስጨነቁን ትልልቅ መርከቦች አልነበሩም። ዓሣ አጥማጅ የሚመስል ጀልባ ነው። እናት መርከብ እንለዋለን፤ ብዙ ጊዜ ራሱ የተጠለፈ ነው፣ ሠራተኞቹም ታግተው እላዩ ላይ ናቸው። ከእሱ ሁለት ሦስት ፈጣን ትንንሽ ጀልባዎች ይወርዳሉ፣ መሰላል ይይዛሉ። ባሕሩ ትንሽ ከተነሣ ራዳር ላይ ከማዕበሉ ጋር ይቀላቀላሉ። ሰው ራዳሩን እያየ ሳይሆን በዓይኑ ነው የሚይዛቸው። ስለዚህ የሌሊት ዘብ ልጄ፣ ወንበዴህ የሚደበቀው ጨለማ ውስጥ አይደለም። የሚደበቀው ሥራ መስሎ ነው። ማንም የማይጠረጥረው ነገር ሆኖ ይቀርባል።

ሁለተኛው ነገር፣ ጭነት አይሰርቁም። በሴፕቴምበር 2008 «ፋይና» የምትባል መርከብ 33 ታንኮች ጭና ተጠለፈች። ዓለም ሁሉ ስለ ታንኮቹ ተጨነቀ። ወንበዴዎቹ ግን አንዱንም አላወረዱም፤ እስከ ፌብሩዋሪ 2009 ሰዎቹን ይዘው ቤዛ ጠበቁ፣ ተከፈላቸው፣ ሄዱ። ሀብቱ ሰው ነው። አንተ ነዳጅ ይዘርፋሉ ብለሃል። ይዘርፉ። ግን አንድ ሰው ከመካከላቸው «ለነዳጁ ይህን ያህል ርቀት ከሄድን አሥራ አንዱን ሰዎች ለምን አንሸጣቸውም?» ሊል ግድ ነው። ያን ጊዜ ደምሴ ምን ይላል?

መከላከያውንም ልንገርህ። ፍጥነት ዋናው ነው፤ ከ18 ኖት (በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ገደማ) በላይ የምትሄድ መርከብ ላይ ተሳክቶላቸው ሲወጡ አልሰማንም። ከዚያ ውጭ እሾህማ ሽቦ በጎኗ፣ የውሃ ቱቦ ወደ ውጭ፣ ሁሉም ካልተሳካ ምሽግ ክፍል። ብዙ ጊዜ ሞተር ክፍል ወይም የመሪው ማሽን ክፍል ነው። ሁሉም ሠራተኛ ገብቶ ከውስጥ ይቆልፋል፣ ሞተሩን ያጠፋል፣ ሬዲዮ ይዞ የባሕር ኃይል ይጠብቃል። ይህ የሚሠራው ግን ሁሉም ከገባ ብቻ ነው። አንድ ሰው ውጭ ከቀረ ምሽጉ ዋጋ የለውም፤ ያንን አንዱን ይዘው በሩን ያስከፍቱሃል። እኛ በልምምድ ላይ ዋናው ጭንቀታችን ይኸው ነበር፦ ሰው መቁጠር።

የሌሊት ዘብ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። «ሰው መቁጠር» የሚለውን ወስጃለሁ፤ ጣቢያው ውስጥ ላለው ክፍል ሌላ ምዕራፍ ይወጣዋል። ስለ ቤዛው የጠየቁኝን ግን መመለስ አልቻልኩም፤ ልዋልበት።

ምህዋር

ጋሽ ባሕረኛው ያሉት ትክክለኛው መንገድ ነው፤ ጭልፊት ዕቃ አመላላሽ መስላ ትምጣ። ጣቢያው ለአላፊ ነዳጅ የሚሸጥ ከሆነ ለመጣ ሁሉ በሩን መክፈት ልማዱ ነው። በዚያ ላይ ሴሬስ ምህዋር ላይ ትንሽ ማደያ አስቀምጥለት፣ ሁለት ሰው ተራ የሚወጣበት። መንኮራኩርን ከጣቢያ ጋር መግጠም ራሱ ከባድ ሥራ መሆኑን ግን አትርሳ። እ.ኤ.አ. በ1997 ሚር በተባለው የሩሲያ የጠፈር ጣቢያ ላይ ፕሮግሬስ ኤም-34 የተባለችውን የጭነት መንኮራኩር ከርቀት እየመሩ ሊገጥሙ ሲሞክሩ ስፔክትር የተባለውን ክፍል መታችው፤ አየሩ መፍሰስ ጀመረ፣ ሠራተኞቹ በበሩ ያለፉትን ገመዶች አስወግደው ክፍሉን ዘግተው ነው የተረፉት። በተቃራኒው በ1985 የሶቪየት ጠፈርተኞቹ ጃኒቤኮቭና ሳቪኒክ ኤሌክትሪኩ ጠፍቶ ምንም ምልክት የማይሰጠውን የሳልዩት 7 ጣቢያ በዓይንና በእጅ እየመሩ ገጥመው ገብተዋል፤ ውስጡ በረዶ ሆኖ ጠበቃቸው። ስለዚህ ጣቢያው ሁሉን አጥፍቶ አልቀበልም ቢልም ጎበዝ አብራሪ ካላቸው መግባት ይቻላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህን ሳስበው ራሴ እገረማለሁ። ሴሬስ ላይ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሁለት ኪሎ ብቻ ያህል ነው የሚከብደው። ከሷ ስበት ለማምለጥ የሚያስፈልገው ፍጥነት በሴኮንድ 510 ሜትር አካባቢ ነው። የክላሽንኮቭ ጥይት ከ700 በላይ ይሄዳል። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት አይመለስም፤ ሴሬስን ትቶ በፀሐይ ዙሪያ መዞር ይጀምራል። የሽጉጥ ጥይት ደግሞ 360 ገደማ ነው፤ አግድም ቢተኮስ፣ ኮረብታ ካልያዘው፣ ሴሬስን ከሁለት ሰዓት በላይ ወስዶ ሊዞራት ይችላል። በዚህ ቦታ መሣሪያ መተኮስ እንደ ምድሩ ቀላል ነገር አይደለም። ወይንሸት ይህን ታውቃለች? ደምሴ ያውቃል፤ ስሌት ሥራው ነው።

ንባብ ወዳዷ

ጥይቷን ግን አትተዋት። እሷ ትግባ።

የድሮ መዝገብ

ዘግይቼ ገባሁ። የደምሴን ነገር ሳነብ ወዲያው አሪካ ታወሰኝ፤ ስለ ወንበዴዎች ካነበብኩት ሁሉ ከአእምሮዬ ያልጠፋው እሱ ነው።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1681 ነው። የእንግሊዝ ወንበዴዎች ከስፔን በማረኳት «ትሪኒቲ» የተባለች መርከብ ላይ ሆነው በደቡብ አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ይዘዋወራሉ። ሁዋን ፈርናንዴስ ደሴት ላይ ካፒቴናቸውን ባርቶሎሚው ሻርፕን በድምፅ ሽረው ጆን ዋትሊንግን ሾሙ። የወንበዴ ካፒቴን በድምፅ ይሾማል፣ በድምፅ ይሻራል። ዋትሊንግ ሰንበት የሚያከብር ሰው ነበር። ዓላማቸው ከፖቶሲ ማዕድን ማውጫ የሚመጣው ብር ወደ መርከብ የሚጫንባት አሪካ ናት፤ ዛሬ ቺሌ ውስጥ ያለችው።

ወደዚያ ሲቃረቡ ጥቂት እስረኞች ያዙ። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ነበር። አሪካ እንዴት ናት ቢሉት፣ ጠንካራ ምሽግ አላት፣ ሰውም በዝቶባታል አለ። ዋትሊንግ «ይዋሻል» ብሎ እንዲረሸን አዘዘ። ሻርፕ፣ ያ የተሻረው፣ ተቃወመ። ሰሚ ሲያጣ ውሃ አስመጣና በሁሉም ፊት እጁን ታጠበ፤ ከዚህ ሽማግሌ ደም ንጹሕ ነኝ፣ አሪካ ስንደርስ ግን ለዚህ ጭካኔ የምንከፍለው ጽኑ ቀን ይጠብቀናል አላቸው። ይህን የመዘገበው አብሯቸው የነበረው ባዚል ሪንግሮዝ ነው። ሽማግሌው ተረሸነ።

በጃንዋሪ 30 አሪካን ወጉ። ሽማግሌው ያለው ሁሉ እውነት ሆኖ ተገኘ። ዋትሊንግ ተገደለ፣ ሌሎች አለቆቻቸውም ወደቁ፣ የተረፉት ሻርፕን ምራን ብለው ለመኑት፤ እየተዋጉ ወደ ጀልባቸው ሸሹ። ሐኪሞቻቸው ምሽጉ ሲወጋ እየጠጡ ስለነበር አብረው ሊሸሹ አልቻሉም፣ እዚያው ተያዙ።

እኔን ግን ከዚህ ሁሉ የሚይዘኝ አንድ ነገር ነው። ሻርፕ እጁን ታጠበ፣ ከዚያ ጠመንጃውን ይዞ አብሯቸው ሄደ። እንደ ጲላጦስ ታጥቦ ቤቱ አልተቀመጠም። ጥርጣሬው እውነተኛ ነበር፣ ተሳትፎውም እውነተኛ ነበር። ደምሴ የሚሰብክ የሚመስለው ከነገሩ ውጭ ቆሞ ስለሚናገር ነው። አስገባው።

ንባብ ወዳዷ

የድሮ መዝገብ፣ ልቤን ነው የነካኸው። እኔም ልለው ፈልጌ ቃል ያጣሁለት ይህንን ነው። «እነዚህ ሰዎች ምን በደሉን?» የሚለው የደምሴ ንግግር የደራሲው ድምፅ ነው። ዓመታት ከስምንት ሰዎች ጋር አንድ አየር ሲተነፍስ የኖረ ሰው እንዲህ አይናገርም። ደምሴም ደመወዙ ተበልቷል። ደምሴም ቤት ገንዘብ እንዲልክለት የሚጠብቅ ሰው አለው። ገንዘቡን ይፈልገዋል። መጠርጠሩ ጥቅሙን ሲነካበት ነው የማምነው። ደግሞ የት ይሄዳል? ሌላው ሰው ቢጣላ በር ዘግቶ ይወጣል። እሱ የሚወጣበት በር የለውም። ድምፁን ሰጥቶ ቢሸነፍ ነገም ከእነሱ ጋር ቁርስ ይበላል።

ጠበቃዋ

በሕጉ በኩል ጥቂት ልበል፤ ለደምሴ የሚጠቅም ነገር አለበት።

እ.ኤ.አ. የ1982ቱ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት በአንቀጽ 101 ውንብድናን ሲተረጉም ለግል ጥቅም፣ በግል መርከብ ወይም አውሮፕላን ሠራተኞች ወይም መንገደኞች የሚፈጸም ሕገ ወጥ የኃይል ድርጊት ይለዋል፤ ከዓለም አቀፍ ባሕር ሌላ «ከማንኛውም መንግሥት ሥልጣን ውጭ በሆነ ቦታ» የሚፈጸመውንም ይጨምራል። ይህ ጠፈርን ይሸፍናል ወይ የሚለው የሚያከራክር ነው። እኔ በግሌ አይሸፍንም ባይ ነኝ፤ ስምምነቱ ስለ መርከብና አውሮፕላን ነው የሚያወራው፣ ስለ መንኮራኩር አይደለም። ለጠፈር ያለን የ1967ቱ ስምምነት ነው። አንቀጽ 8 ወደ ጠፈር የተላከ ነገር የመዘገበው አገር ሥልጣን በእሱና በውስጡ ባሉት ሰዎች ላይ ይቀጥላል ይላል። ጣቢያህ በአንድ አገር ስም መመዝገብ አለበት። ጭልፊትም የቀጣሪያቸው በነበረችበት ጊዜ የተመዘገበችበት አገር አለ፤ ወንበዴ ስለሆኑ ምዝገባው አይጠፋም። ያ ቀጣሪ ስለ ደመወዛቸው ያልተጠየቀው አሁን በመንኮራኩሩ ምክንያት ሊጠየቅ ይችላል፤ ይህን ብትጠቀምበት ደስ ይለኛል።

አሁን ደምሴ። በ1722 የወንበዴው ካፒቴን የባርቶሎሚው ሮበርትስ ተከታዮች በምዕራብ አፍሪካ ኬፕ ኮስት ምሽግ ለፍርድ ቀረቡ። 52 ተሰቀሉ፣ 74 በነፃ ተለቀቁ። ከተለቀቁት ብዙዎቹ ተገደን ነው ያሉ ናቸው። «ውስጤ አልፈቀደም» ማለት ማንንም አላዳነም፤ ክርክሩ የተንጠለጠለው በተሠራው ሥራ ላይ ነበር። ወደ ተያዘችው መርከብ በፈቃዱ ወጣ ወይ? መሣሪያ ያዘ ወይ? የዘረፋውን ድርሻ ወሰደ ወይ? ደምሴን አንድ ቀን ዳኛ ፊት ብታቆመው የሚጠየቀው ያንኑ ነው።

የሌሊት ዘብ

ድርሻውን። ይህን እኔ በጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። የሚከፋፈሉበት ትዕይንት ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ አለ፤ ደምሴ እዚያ ላይ ስሙ እንኳን አይነሣም።

የድሮ መዝገብ፣ አንድ ጥያቄ። የአሪካው ሽማግሌ በእኔ ታሪክ ማን ይሁን? እውነቱን ተናግሮ የማይታመነው?

የድሮ መዝገብ

ሌላ ሰው አትፈልግ። ቁጥሩ ራሱ ይሁን። ደምሴ የነዳጅ ኃላፊ ነው ብለሃል፤ እውነቱን የሚናገረው መዝገብ በእጁ ነው። ሽማግሌውን «ይዋሻል» እንዳሉት መዝገቡን «ተሳስቷል» ይበሉት።

ምህዋር

ይህ ከሁሉ ይበልጣል! ስሌቱን ልስጥህ፣ አንተ በልብ ወለድ ቋንቋ አምጣው። ጭልፊት ከማርስ ለመነሣትና ሴሬስ ላይ ለማቆም የሚበቃ ነዳጅ አላት እንበል። ለመመለስ የለም። ሮኬት ላይ የመመለሻን ነዳጅ ከመነሻው መሸከም ማለት ያንን ክብደት የሚገፋ ሌላ ነዳጅ መሸከም ነው፣ ያንንም የሚገፋ ሌላ። እጥፍ ድርብ ይሆናል። ስለዚህ የመመለሻውን ከጣቢያው ለመውሰድ ያቅዳሉ።

አሁን አስተውል። ሄደው ካልወሰዱ ይሞታሉ። ጣቢያው እምቢ ካለ «እሺ፣ እንሂድ» የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ «እናስፈራራለን እንጂ ማንንም አንጎዳም» የሚለው የወይንሸት ቃል ሐሰት ነው፤ እሷ ባታውቀውም ሐሰት ነው። ሰው መግደል የሚወሰነው ሴሬስ ላይ አይደለም። ማርስ ምህዋር ላይ፣ ሞተሩ ሲነሳ ተወስኗል። ደምሴ የሚያየው ይህንን ነው።

አየሩም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው በቀን 840 ግራም ገደማ ኦክስጅን ይፈልጋል። ለዘጠኝ ሰው፣ ለ19 ወር፣ መልሶ ማጣሪያ ባይኖር ከ4 ቶን በላይ ነው።

ባሕረኛው

እውነቱን ነው። በኛም ባሕር ነዳጃቸው አልቆ፣ ውሃቸው አልቆ፣ መመለስ የማይችሉ ልጆች ያገኘነውን መርከብ ሁሉ እንያዝ ሲሉ ነበር የሚባለው። ተስፋ የቆረጠው ነው የሚተኩሰው።

የሌሊት ዘብ

ሌሊቱን ሙሉ ስጽፍ አደርኩ። ትዕይንቱን ከሴሬስ አንሥቼ ማርስ ምህዋር ላይ አድርጌዋለሁ፤ ሞተሩ ሊነሣ ሰባት ሰዓት ቀርቶታል። ይኸው፦

«ወይንሸት ሁሉንም ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጠረጴዛው ለስድስት ሰው ነው፤ ሦስቱ ግድግዳውን ይዘው ተንሳፈፉ።
‹ድምፅ እንሰጣለን› አለች። ‹ከዚያ በፊት የሚናገር አለ?›
ደምሴ መዝገቡን ከፈተ። ‹ሄደን ማቆም እንችላለን። መመለሻ የለንም።›
‹እናውቃለን። ከእነሱ እንወስዳለን።›
‹ባይሰጡንስ?›
‹ይሰጡናል። አሥራ አንድ ናቸው፣ መሣሪያ የላቸውም።›
‹ዓመት ከመንፈቅ አለፍ ብለው ሲያዩን ይከርማሉ፣ ካፒቴን። እኔ በነሱ ቦታ ብሆን ጋኖቹን እከፍትና ነዳጁን ወደ ውጭ እለቀዋለሁ። ወንበዴ ባዶ ጋን ለመዝረፍ አይመጣም ብዬ።›
‹እንግዲያው እነሱም አይተርፉም።›
‹እነሱ ይተርፋሉ። በረዶው ከእግራቸው ሥር ነው፣ ቀስ ብለው ያወጣሉ። እኛ ግን ቀስ የምንልበት አየር አይኖረንም። ያን ጊዜ የነሱን እንወስዳለን። እነሱ አይሰጡንም። ከዚያ በኋላ ያለውን ንገሪኝ።›
ዝም ተባለ። አበበ ነው የተናገረው፣ ሁልጊዜ የሚቀልደው። ‹ቁጥርህን ደግመህ አየኸው?›
‹አየሁት።›
‹ተሳስተህ ሊሆን ይችላል።›
‹ብሳሳት ደስ ይለኛል። ልጄ ትምህርት ቤት የምትገባው በዚህ ገንዘብ ነው።›
ወይንሸት እጅ አስነሣች። ስምንት ተነሣ። ከዚያ ሁሉም ደምሴን አዩት፤ እጁ መዝገቡ ላይ ነበር።»

ንባብ ወዳዷ

አመንኩት። «ብሳሳት ደስ ይለኛል» ላይ ቆሜ ደግሜ አነበብኩት። ልጁን የጠቀስክበት ቦታም ትክክል ነው፤ ከዚያ በላይ ስለሷ አትጨምር። አበበን ግን ተጠንቀቅ፣ «ሁልጊዜ የሚቀልደው» ብለህ አትንገረን፤ ከዚህ በፊት ባለው ምዕራፍ አሳየን።

ጠበቃዋ

«ከዚያ በኋላ ያለውን ንገሪኝ» የሚለው ለፍርድ ቤቱ ትዕይንት ይቀመጥልህ። ወይንሸት አስቀድማ ተነግሯታል ማለት ነው። አላውቅም ማለት አትችልም። ስምንቱም አይችሉም።

ምህዋር

ጋኖቹን የመክፈቱን ሐሳብ እኔ አላሰብኩትም ነበር፤ በጣም ጥሩ ነው። አንድ ማስተካከያ ብቻ፦ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ሴሬስ ላይ ሲለቀቁ ከርቀት ሊታዩ ይችላሉ። ስለዚህ ወንበዴዎቹ ጋኖቹ መከፈታቸውን ገና መንገድ ላይ ሳሉ ቢያውቁስ? ወር ሲቀራቸው፣ ምንም ማድረግ በማይችሉበት ጊዜ? ከዚያች ቀን በኋላ መንኮራኩሩ ውስጥ ያለውን ኑሮ ማንበብ እፈልጋለሁ።

ባሕረኛው

ጥሩ ጽፈሃል ልጄ። እኔ አንድ ነገር ልጠይቅህ። መርከብ ላይ ካፒቴኑ ያዛል እንጂ ሞተር አያስነሣም። ከታች ያለው ሰው ነው የሚያስነሣው። ዘይቱን ያያል፣ ግፊቱን ያያል፣ ዝግጁ ነኝ ብሎ ይመልሳል፣ ከዚያ ነው። «ዝግጁ አይደለሁም» ካለ መርከቧ አትንቀሳቀስም፤ ካፒቴኑ ምንም ቢቆጣ። ይህን ሥልጣን ብዙ ሰው አያውቀውም። የጭልፊትን ሞተር የሚያስነሣው ማን ነው? የነዳጅ ኃላፊው አይደለም ወይ?

የሌሊት ዘብ

እሱ ነው፣ ጋሼ። ሌላ ሰው የለም። ምዕራፍ አምስት ከዚያ ይጀምራል። ከቻሉ ሞተር ክፍል ውስጥ ከትእዛዙ እስከ መነሣቱ ድረስ ያለውን ቅደም ተከተል፣ ማን ለማን ምን እንደሚል፣ በዝርዝር ይጻፉልኝ። ቃል በቃል ብትሆን ደስታውን አልችለውም።

ባሕረኛው

እጽፍልሃለሁ። ከምሽቱ ተራዬ ስወጣ ጠብቀኝ።